እስከ መቼ?

ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ የሚባለው የአእምሮ ሕመም አለበት። ዋናው መድኃኒቱን ኦላንዛፒንን መውሰድ ከጀመረ ቆየ። ባለፈው ሲያገረሽበት ሐኪሙ ቫልፕሮዌት የሚባል ኪኒን ጨመሩለት። ያኔ ሌሊቱን ሙሉ ሲንጎራደድ ያድራል፤ በሆነ ባልሆነው ይገነፍላል። በእንደዚያ ያለ ሰዓት "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ ቤተሰብ የለም። ብቻ ይተኛልን ነው።

አሁን ተመስገን ነው። ኪኒኗ ግን እንግዳ ሆና መጥታ ቤተኛ ሆና ቀርታለች። ሰሞኑን ስለ እሷ ሳነብ አመሻለሁ።

ቫልፕሮዌት መጀመሪያ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነበር። ኋላ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ለሚልበት ለባይፖላር ሕመምም ዋለ። ሊቲየም፣ ካርባማዜፒንና ላሞትሪጂንም ስሜት ማረጋጊያ ከሚባሉት ናቸው። ስኪዞፍሬኒያ ላይ እነዚህን መደረብ የተለመደ ነው፤ ማስረጃው ግን የልምዱን ያህል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ቫልፕሮዌት ከኦላንዛፒን ወይም ከሌላው የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት ከሪስፐሪዶን ጋር ሲሰጥ ሕመሙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ እንደሚረግብ አሳየ። ስንቱ ሐኪም ተስፋ አድርጎ ይሆን! እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣውና 12 ሳምንት የፈጀው ጥናት ግን ያንን ብልጫ አላገኘውም።

ጭራሽ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ከስኪዞፍሬኒያው ጋር የማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜት መጋጋል) ምልክት ላለበት ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክሎዛፒን የሚባለው የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት በከፍተኛ መጠን የሚጥል በሽታ ሲያስነሳም ቫልፕሮዌት ይደረባል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ምክንያቱ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ኪኒን ነው።

ደግሞ መድኃኒቶቹ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። ካርባማዜፒን ጉበት ሌላውን መድኃኒት በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሃሎፔሪዶል ወይም ሪስፐሪዶን የሚወስድ ሰው ላይ ሲጨመር የዋናው መድኃኒት መጠን ደም ውስጥ ይወርዳል። ሕመሙ ሲብስ "አልሠራለትም" ተብሎ ሌላ ይጨመራል። ከክሎዛፒን ጋርማ አይመከርም፤ ሁለቱም ነጭ የደም ሴልን ሊያወርዱ ይችላሉ። ሊቲየም በበኩሉ የደም ምርመራ ካልተደረገለት አያስተማምንም፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ተራ ማስታገሻ እንኳ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። ቫልፕሮዌት ደግሞ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ልትወልድ ለምትችል ሴት በቀላሉ የሚታዘዝ አይደለም።

ወንድሜ ላይ የማየው ሁለት ነገር ነው። ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጣል። ክብደቱም ጨምሯል፤ ኦላንዛፒኑም ቫልፕሮዌቱም ያወፍራሉ። አንድ ቀን ቁልፉ አልገጥም ያለውን ሱሪ ይዞ መጣና "እትዬ፣ ሱሪው ነው የጠበበው ወይስ እኔ ነኝ የሰፋሁት?" አለኝ። ሳቅን። እሱ ግን ቶሎ ነው ሳቁን ያቆመው።

ባለፈው ቀጠሮ "ዶክተር፣ ይቺኛዋ እስከ መቼ ናት?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ካርዱን ወደ ኋላ ገለጥ ገለጥ አደረጉ። የታዘዘችበት ቀን አለ፣ መጠኑ አለ፤ ለምን እንደታዘዘችና መቼ እንደምትታይ የሚል ግን የለም። አልተቆጡም፤ እንዲያውም "ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉ። ኦላንዛፒኑ ሳይነካ ቫልፕሮዌቱ በጥቂት በጥቂቱ እንዲቀነስ ተስማማን። በአንዴ ማቋረጥ እንደማይቻል አስጠነቀቁን። እንቅልፉን እኔ እከታተላለሁ፤ መዛባት ከጀመረ ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንመጣለን።

ወንድሜ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ በመጨረሻ "ለምን እንደተቀነሰ ካርዱ ላይ ይጻፍልኝ" አላቸው። ጻፉለት።