ሶስቱ ፕሮጀክት አልቆ መኪናው ግን በር ላይ ነበር

ባለፈው ሰኞ እንደ ወትሮዬ ከደሴ በሚኒባስ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ፋብሪካው በር ላይ የቆመ መኪና አልነበረም። አንድም። አምና በዚያ ሰዓት አምስት ስድስት አይሱዙ ተሰልፎ፣ ረዳቶቹ ጥላ ስር ተጋድመው ነበር የማገኘው። በጣም ደስ አለኝ። እዚህ ለመድረስ የሄድኩበትን መንገድ ለሙያ ጓደኞቼ ላካፍል ያሰብኩትም ያን ቀን ነው።

የምሰራው ዱቄትና ፓስታ በሚያመርት ፋብሪካ ነው። ለብዙ ዓመት ፕሮጀክት ስመራ ቆይቻለሁ። ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ ግን የተሰጠኝ ፕሮግራም ነው፤ አራት ፕሮጀክት በአንድ ላይ። መጋዘን ማስፋት፣ ፎርክሊፍት የሚባለውን እቃ ማንሻ መኪናና ጭነት የሚደረደርበትን ፓሌት ማስገባት፣ የስቶክ ሶፍትዌር መዘርጋት፣ ሁለተኛ የማሸጊያ ማሽን መትከል። እያንዳንዱ የራሱ ኃላፊ አለው። ቦርዱ አራቱንም የፈቀደው ለአንድ ነገር ነው፦ ደንበኛ ያዘዘው እቃ በሁለት ቀን ውስጥ እንዲደርሰው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት በአጭሩ ልለፋቸው። የአራቱን እቅድ አንድ ትልቅ ጋንት ቻርት ላይ፣ ማለትም እያንዳንዱ ስራ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ በሚያሳይ ሠንጠረዥ ላይ፣ ገጣጠምኩ። በየሳምንቱ አራቱን ኃላፊዎች ሰብስቤ ስንት ፐርሰንት ደረሳችሁ እያልኩ ጠየቅኩ። ፕሮግራም መምራት ይሄ መስሎኝ ነበር።

ማታ ማታ ማንበብም ጀምሬ ነበር። ፒኤምአይ የሚባለው የፕሮጀክት አመራር ባለሙያዎች ማህበር ለፕሮግራም አመራር የመጀመሪያውን ስታንዳርድ ያወጣው በ2006 እንደ አውሮፓውያን ነው፤ ፒጂኤምፒ የሚባለው የሙያ ምስክር ወረቀት ደግሞ በዓመቱ መጣ። እንግሊዞች ኤምኤስፒ የሚሉትን የራሳቸውን አካሄድ በ1999 አውጥተው ነበር። በቃላት ይለያያሉ እንጂ ሃሳባቸው ይገናኛል። ፕሮግራም ማለት ተዛማጅ ፕሮጀክቶችን አቀናጅቶ፣ ለየብቻ ቢመሩ የማይገኝ ጥቅም ማግኘት ነው። እኔ ይህን ለመረዳት ከጽሑፉ ይልቅ ከመስኮቴ የሚታየው ሃዲድ ረድቶኛል። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ባቡር በኤሌክትሪክ እንዲሄድ የታሰበ ነው። ሃዲዱ ቢነጠፍ፣ ጣቢያው ቢሰራ፣ መብራት ካልደረሰው ጭነት አያነሳም። ሃዲድ አንጣፊው ስራውን በሚገባ ጨርሶ ሊሄድ ይችላል፤ ነጋዴው ግን ገና ምንም አላገኘም።

የእኛም እንደዚያው ሆነ። መጋዘኑ አለቀ። ፎርክሊፍቶቹ ገቡ። ሶፍትዌሩ ስራ ጀመረ። ሶስቱም በቀናቸው ተዘጉ፣ ርክክብ ተደረገ፣ አጨበጨብን። መኪናው ግን በር ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ለውጥ መጣ ወይስ አልመጣም ለማለት ድሮ እንዴት እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ስንጀምር ምንም አልለካሁም። ይህ ትልቁ ጥፋቴ ነው። መኪና ገብቶ እስኪወጣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያሳይ አንድም ሪፖርት አልነበረም። ያወጣኝ የጥበቃዎቹ መዝገብ ነው። ጥበቃዎቻችን ሰሌዳ ቁጥር፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት በእጃቸው ይጽፋሉ። የቆዩት መዝገቦች ጥበቃ ቤቱ ውስጥ በካርቶን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከፕሮግራሙ በፊት የነበሩትን ሶስት ወራት ቁጭ ብዬ ኤክሴል ላይ ገለበጥኩ። አማካዩ ሶስት ሰዓት ተኩል አካባቢ መጣ። ለአሁኑ ሶስት ወር ደግሞ መግቢያውን ከመዝገቡ፣ መውጫውን ከአዲሱ ሶፍትዌር ወሰድኩ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ!

ደነገጥኩ። ያን ቁጥር እንዳለ ይዤ ስብሰባ ገባሁ። ነገሮች ብሰዋል ብዬ ተናገርኩ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ መካሰስ ጀመረ። የዲስፓች፣ ማለትም የእቃ መላኪያ ክፍል፣ ኃላፊያችን ብቻ ዝም ብለው ወረቀቴን ሲያዩ ቆዩ። ጋሼ የምንላቸው፣ ፋብሪካው ሲከፈት ጀምሮ ያሉ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ መኪና በሁለት ሰዓት ተኩል ገባ ትላለህ። በአስራ አንድ ከአርባ ወጣ ትላለህ። እኔ በአስራ አንድ ከአርባ ቤቴ ነኝ፤ ማነው የሸኘው?» አሉኝ።

ጥበቃው የሚጽፈው በእኛ ሰዓት ነው፤ ሶፍትዌሩ የሚያትመው በፈረንጅ። የሶፍትዌሩ አስራ አንድ ከአርባ በእኛ አምስት ከአርባ ነው። በእያንዳንዱ መኪና ላይ ስድስት ሰዓት ጨምሬያለሁ። ሳስተካክለው አማካዩ ሶስት ሰዓት ከአስር ሆነ። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ የተገኘው ሃያ ደቂቃ ነው ማለት ነው። አልባሰም፣ አልተሻለምም።

በማግስቱ ደብተር ይዤ አንድ አይሱዙ ተከተልኩ። 2:20 ገባ። 2:35 ባዶውን ተመዘነ። 2:45 መጫኛው ጋ ቆመ። ፎርክሊፍቱ ፓሌቱን እያነሳ 3:30 ላይ ጭነቱ አለቀ፤ ድሮ በጫኝ አውራጅ ትከሻ ከዚህ በላይ ይፈጅ ነበር። ከዚያ ሸራው ተወጠረ፣ ገመዱ ታሰረ፣ ሹፌሩ ወረዱ። መኪናው ቆመ። የመውጫ ፈቃዱ ላይ ፋይናንስ ማህተም የሚመታው የደንበኛው ገንዘብ ባንክ መግባቱን ሲያረጋግጥ ነው። ደረሰኙን የሚያመጣው ደግሞ ሰው ነው፣ በእጁ፣ ከከተማ። መኪናው 5:25 ወጣ። ሹፌሩን «ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኳቸው። «ዛሬስ ቶሎ ነው» አሉኝ።

ቢሮ ተመልሼ የድሮ እቅዶችን አገላበጥኩ። ክፍያ ማረጋገጫው የሶፍትዌሩ ፕሮጀክት መጀመሪያ እቅድ ውስጥ ነበር። ጊዜ ሲያጥር ወደ ሁለተኛው ዙር ተገፋ። ኃላፊዋ በፕሮጀክቷ ዓይን ትክክል ነበረች፤ በቀኗ ማስረከብ ነበረባት። የመጋዘኑ ሰው ሶፍትዌሩ ይሰራዋል ብሎ አምኗል። እኔ ፐርሰንት እጠይቃለሁ። ነገሩ መካከል ላይ ወድቆ ማንም አላነሳውም።

ያን ዕለት ያደረግኩትን እስከ አሁን አልለቀቅኩትም። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩና ከቀኝ ጀመርኩ። ቀኝ ጫፍ ላይ «ደንበኛው በሁለት ቀን እቃው ይደርሰዋል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወደ ግራ እየተመለስኩ፣ ይህ እንዲሆን ምን መለወጥ አለበት እያልኩ፣ አንዱን ከሌላው በመስመር እያያያዝኩ፣ መጨረሻ ላይ ፕሮጀክቶቹ ጋ ደረስኩ። ከግራ ከጀመራችሁ ሁሉም ፕሮጀክት አስፈላጊ ይመስላል። ከቀኝ ስትመጡ መስመር የማይደርሰው ይታያል። ክፍያ ማረጋገጫው ላይ ሶስት መስመር ደረሰ፤ የሚሰራው ፕሮጀክት ግን የለም። ማሸጊያ ማሽኑ ጋ ምንም አልደረሰም። ያዘገየን ማሸግ አልነበረማ!

በየጥቅሙ ስር አንድ ስም ጻፍኩ። የፕሮጀክት ኃላፊ ስም አይደለም። እሱ አስረክቦ ይሄዳል። የሚጻፈው ጥቅሙ ሲመጣም ሲቀርም እዚያው የሚውል ሰው ነው። የመኪና ቆይታ ስር የጋሼ ስም ገባ። በየአርብ ቁጥሩን የሚያቀርቡት እሳቸው ናቸው፣ ከጥበቃ መዝገብ። ስለዚህ ጉዳይ ክርክር አልቀበልም፦ ባለቤት የሌለው ጥቅም እቅድ ላይ ባይጻፍ ይሻላል። «አስተዳደሩ» ባለቤት አይደለም። «ሁላችንም» ደግሞ ጭራሽ አይደለም።

ማሸጊያ ማሽኑ ለጊዜው እንዲቆም፣ ገንዘቡ ለቀረው የሶፍትዌር ስራ እንዲዞር ለቦርዱ አቀረብኩ። ተፈቀደ። አንድ የፕሮጀክት ኃላፊ ብቻውን ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ፕሮግራም ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝም ያኔ ነው። አካሄዴ ግን ልክ አልነበረም። የማሽኑን ኃላፊ ቀድሜ አላናገርኩትም። ሰው ፊት ሰማ። ለሁለት ወር ያህል ሰላምታ እንኳን በወጉ አልሰጠኝም፤ እውነት አለው። ፕሮጀክቱ ምንም አላጠፋም። በቀኑም በበጀቱም ላይ ነበር። በኋላ ደሴ ፒያሳ ቡና ጠርቼው ይቅርታ ጠየቅኩ። አቦሉን ዝም ብሎ ጠጣ። ቶናው ላይ «ብትነግረኝ ኖሮ ራሴ ነበር አቁሙት የምል» አለኝ። ይህን ስጽፍ እንኳን ይቆጨኛል። ፕሮጀክት ልታስቆሙ ከሆነ ከስብሰባው በፊት ሰውየው ቤት ሂዱ።

አሁን የነገ ጭነት ዝርዝር ዛሬ ከሰዓት በኋላ ፋይናንስ ይገባል። ክፍያው መኪናው ሳይመጣ ይጣራል። ባለፈው አርብ ጋሼ ያቀረቡት ቁጥር አንድ ሰዓት ከሃያ ነው። ለደሴና ለሐይቅ ደንበኞች እቃው በሁለት ቀን ውስጥ ይደርሳል። ለወልድያና በባቲ በኩል ለሚሌ ገና ነው፤ ሶስት፣ አንዳንዴም አራት ቀን። በር ላይ እንደማይቆይ አሁን አውቃለሁ፤ የት እንደሚቆይ ግን አላየሁም። ሐሙስ ከሚሌው መኪና ጋር እወርዳለሁ። የማሸጊያው ኃላፊም እመጣለሁ ብሏል። ደብተሩን እሱ ይይዛል፣ ሰዓቱን እኔ።