የአብራም አባት ስም

ሩሲያኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ቢያልፈኝም፣ ስለ ሩሲያዊው ገጣሚ ስለ ፑሽኪን ዘር ስጽፍና ስከራከር ኖሬ መቃብሩን በዓይኔ ያየሁት ባለፈው መስከረም ነው። ከፕስኮቭ የተነሣው አውቶቡስ በጥድ ደን መካከል ከሁለት ሰዓት በላይ ተጉዞ ፑሽኪንስኪዬ ጎሪ አደረሰን፤ ከዚያም መጀመሪያ የገባነው ወደ ፔትሮቭስኮዬ፣ በእናቱ በኩል ዘመዶቹ ወደሆኑት ወደ ጋኒባሎች ርስት ነበር።

አስጎብኚያችን በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ስሜን ነገርኳቸው፤ ወዲያው «ኦትቼስትቮዎስ?» አሉኝ። ይህ ከአባት ስም የሚወጣው መጠሪያ በመጀመሪያው ሳምንት የማስተምረው ትምህርት ሲሆን፣ አባቱን አስከትሎ መጠራት ለለመደ ተማሪ ቀላል ይመስለዋል። ልዩነቱ የሚታየው ሰው ማክበር ሲመጣ ነው፤ እኛ «አቶ ከበደ» ስንል የምናከብረው በራሱ ስም ነው፣ ሩሲያዊው መምህሩን የአባቱን ስም ሳይጨምር ቢጠራ ግን እንደ ድፍረት ይቆጠርበታል። አባቴ ዮሐንስ እንደሚባሉ ስነግራቸው፣ «እሱማ የእኛው ኢቫን ነው!» አሉና ቀኑን ሙሉ ሶሎሞን ኢቫኖቪች ሆኜ ዋልኩ። ጎንደሬው አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

የአካባቢውን መሬት በ1742 (እ.ኤ.አ.) ለአፍሪካዊው የፑሽኪን ቅድመ አያት ለአብራም ጋኒባል የሰጡት የሩሲያዋ ንግሥት ኤልሳቤጥ ናቸው። አሁን የሚጎበኘው ቤት እንደገና የተሠራ ሲሆን ሙዚየም ሆኖ የተከፈተው በ1977 ነው። ስለ ትውልድ ቦታው ራሱ አብራም በ1742 ባቀረበው ማመልከቻ «ላጎን» የሚል ስም ጽፏል። ይህን አንዳንዶች ከመረብ ማዶ ከሚገኘው ሎጎን ጋር፣ ሌሎች ደግሞ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ካሜሩን ካለው ሎጎኔ ጋር ያያይዙታል። ተማሪዎቼ ጉዳዩን ባነሣሁ ቁጥር በአንድ ድምፅ ለእኛ ይፈርዳሉ፤ እኔ ግን በአንድ የቦታ ስም ብቻ ሰው የእኔ ነው ለማለት ድፍረቱ የለኝም።

ከዚያ ይልቅ የሚከነክነኝ ስሙ ነው። በ1705 ቪልኒየስ ላይ ሲጠመቅ ክርስትና ያነሣው የሩሲያው ንጉሥ ቀዳማዊ ጴጥሮስ (ፒዮትር) ስለነበር «ፔትሮቪች» ተባለ። በዚህም የወለደው አባት ከስሙ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ስቪያቶጎርስክ ገዳም ደረጃውን ወጣን። ገጣሚው በ1837 ሲሞት አስከሬኑን ከፒተርስበርግ በሌሊት አስወጥተው ወደዚህ ሲያመጡት፣ ከወዳጆቹ መካከል የሸኘው አሌክሳንደር ቱርጌኔቭ ብቻ ነበር። ነጩ የእብነ በረድ ሐውልት ካሰብኩት ያነሰ ነው። እናቱና የእናቱ ወላጆችም እዚያው ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር አርፈዋል።

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት እንደሚቆጠረው እኔም በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ፦ አሌክሳንደር ሰርጌዬቪች፣ እናቱ ናዴዥዳ ኦሲፖቭና፣ አባቷ ኦሲፕ አብራሞቪች፣ የእሱም አባት አብራም ፔትሮቪች። አምስተኛውን ጣቴን አንሥቼ የምጠራው ስም አጣሁ፤ ንጉሡን እንዳልቆጥር አልወለደውም።

ከደረጃው ግርጌ አስጎብኚያችን አውቶቡሱ ሊነሣ መሆኑን እያመለከቱ «ሶሎሞን ኢቫኖቪች!» ብለው ተጣሩ። እኔን መሆኑን ተረድቼ እስክዞር ድረስ ጥቂት ዘገየሁ።