ጉልላት የሚሰነጠቀው ከእግሩ ነው፦ ባለ 3 ሜትር የጡብ ጉልላት ያለ ጣውላ ድጋፍ እንዴት እንደሠራሁ

የክፍሉ የውስጥ ስፋት 3 ሜትር፣ ግድግዳው ክብ፣ ውፍረቱ 24 ሳ.ሜ.፣ ከፍታው 2.10 ሜትር ነው። ከላዩ ግማሽ ኳስ የሚመስል ጉልላት በሸክላ ጡብ ደፋሁበት። ከሥሩ ጣውላም ባሕር ዛፍም አላቆምኩም። ጉልላት ስል በጎጆ ወይም በቤተ ክርስቲያን አናት ላይ የሚቀመጠውን ጌጥ ማለቴ አይደለም፤ ጣሪያውን ራሱን ነው።

ሥራውን የሚያይ ሰው ሁሉ የሚፈራው ጫፉን ነው፤ «ሲዘጋ አይወድቅም ወይ?» ይላል። ጫፉ ግን ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። የጉልላቱ ክብደት የላይኛዎቹን ረድፎች ወደ መሐል ስለሚያጠጋጋቸው ጡብ ከጡብ ይጨመቃል፣ ጡብ ደግሞ መጨመቅን ይችላል። ከኳሱ መሐል ሲለካ ከጫፉ 52 ዲግሪ ያህል ወርደን ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ከዚያ በታች ያለው ክፍል ወደ ውጭ መከፈት ይፈልጋል፣ ይጎተታል። ጡብና ማያያዣው ሞርታር ደግሞ መጎተትን አይችሉም። በእኔ ጉልላት ይህ መስመር ከእግሩ 93 ሳ.ሜ. ላይ ይውላል። ስንጥቁ ከእግሩ ተነሥቶ ሽቅብ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስፋቱ 43.3 ሜትር በሆነው በሮም ፓንቴዎን ላይም እንዲህ ያሉ ስንጥቆች አሉ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጉልላትም ተሰነጣጥቆ በ1740ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በተጨማሪ የብረት ቀለበቶች ታስሯል። በጎንደር በፋሲል ግንብ ማዕዘኖች ላይ ያሉት ትንንሽ ጉልላቶች ደግሞ የተቀመጡት በወፍራም የድንጋይና የኖራ ግንብ ላይ ነው፤ ግፊቱን የሚሸከመው የግንቡ ክብደት ነው። 24 ሳ.ሜ. ግድግዳ ላይ የሚሠራ ሰው ያ ክብደት ስለሌለው ብረት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ከጉልላቱ በፊት በግድግዳው አናት ላይ 24 በ20 ሳ.ሜ. የሆነ የአርማታ ቀለበት አፈሰስኩ። 4 ባለ 10 ሚ.ሜ. ፌሮ (የአርማታ ብረት)፣ እነሱን አቅፎ የሚይዝ ባለ 6 ሚ.ሜ. ስታፋ በየ20 ሳ.ሜ.። ገበያ ላይ ያለው ፌሮ 12 ሜትር ስለሆነ እያንዳንዱ ቀለበት ከአንድ ፌሮ ይወጣል፤ መደራረቢያው አንድ ቦታ ብቻ፣ 60 ሳ.ሜ.። አራቱ መደራረቢያዎች አንድ ጎን ላይ እንዳይገናኙ አራራቅኋቸው፤ ከተገናኙ ቀለበቱ የሚከፈተው እዚያው ነው። በሩ 2 ሜትር ስለሆነ ቀለበቱ ሳይቆረጥ በላዩ ያልፋል። አርማታውን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኜ 7 ቀን ውሃ አጠጣሁት። ከዚህ በተጨማሪ በጉልላቱ 4ኛ፣ 8ኛና 12ኛ ረድፍ ላይ አንዳንድ ባለ 6 ሚ.ሜ. ፌሮ በሞርታሩ ውስጥ ቀበርኩ፤ እነዚያን መገጣጠሚያዎች ወደ 1.5 ሳ.ሜ. አወፈርኳቸው።

ቅርፁን የሚጠብቀው መለኪያው ነው። በክፍሉ መሐል የውሃ ቧንቧ በቱንቢ አቁሜ፣ ልክ በጉልላቱ እግር ከፍታ ላይ፣ ወደ ጎንም ወደ ላይም የሚዞር 1.5 ሜትር የብረት ክንድ አሰርኩበት። በክንዱ ጫፍ ትንሽ የማዕዘን ብረት አለ፤ እያንዳንዱ ጡብ የውስጥ ፊቱ እሱን ሲነካ ቦታው ትክክል ነው፣ ተዳፋቱም አብሮ ይገኛል። መጀመሪያ ሲባጎ ሞክሬ ነበር፤ ሲባጎ ሲጎተት ስለሚለጠጥ በሦስተኛው ረድፍ ላይ ብቻ 2 ሳ.ሜ. ስቶ አገኘሁትና አፈረስኩ። የክንዱ ማጠፊያ ከቧንቧው መሐል 4 ሳ.ሜ. ወጣ ካለም የእግሩ ስፋት በ8 ሳ.ሜ. ስለሚሰፋ ከግድግዳው የውስጥ ፊት ጋር አይገጥምም።

ጡቡ 24 በ12 በ6 ሳ.ሜ. ነው፤ 12ቱ የጉልላቱ ውፍረት ይሆናል። የመጀመሪያው ረድፍ 38 ጡብ ይወስዳል። በጠቅላላ 31 ረድፍ፣ 810 ጡብ ገደማ፤ ከስባሪ ጋር 900 ማዘጋጀት ይበቃል። ሞርታሩ 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ ሲሆን ባለ 50 ኪሎ 3 ከረጢት ሲሚንቶ በቃኝ። መገጣጠሚያው በውስጥ 1 ሳ.ሜ. ከሆነ በውጭ በኩል 1.6 ይሆናል፤ ያንን ክፍተት በሞርታር ብቻ መሙላት ስሕተት ነው። ሞርታር ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ጡቡም ወደ ኋላ ይጋደማል። የሸክላ ስባሪ እንደ ሽብልቅ መቀርቀር ያስፈልጋል።

እስከ 10ኛው ረድፍ ጡቡ በራሱ ይቀመጣል። ከ11ኛው ጀምሮ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ስለሚደርስ መንሸራተት ይጀምራል። መፍትሔው ከ6 ሚ.ሜ. ፌሮ የታጠፈ መንጠቆ ነው፤ አንዱ ጫፉ የጡቡን የውስጥ ጠርዝ ይይዛል፣ ሌላው ጫፍ ላይ ግማሽ ጡብ በሽቦ ታስሮ በውጭ በኩል ይንጠለጠላል። 8 መንጠቆ በቅቶኛል፤ ሞርታሩ ሲይዝ ከኋላ እየነቀሉ ወደ ፊት ማዛወር ነው። እዚህ ላይ የጡቡ እርጥበትም ይወስናል፦ ታች ላይ 5 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይቆያል፤ ከፍ ሲል ግን ብቅ ጥልቅ አድርጎ ማውጣት ይሻላል። በደንብ የጠጣ ጡብ ይንሸራተታል፣ ትንሽ የጠማው ግን ሞርታሩን ቶሎ ይስባል።

የተጀመረ የጡብ ቀለበት (አንድ ሙሉ ረድፍ) ሳይዘጋ አያድርም። የተዘጋ ቀለበት ራሱን ይችላል፤ ያልተዘጋ ግን የሚደገፍበት ጎረቤት የለውም። በቀን ከ5 ረድፍ በላይ አልሄድኩም።

ለማፋጠን ብዬ በሲሚንቶው ሞርታር ላይ ጀሶ መቀላቀሌ ትልቁ ጥፋቴ ነው። ጡቡን በደቂቃ ውስጥ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ዝናብ ሲያገኘው ግን ጀሶና ሲሚንቶ ሲገናኙ የሚፈጠረው ውሁድ ያብጣል፣ መገጣጠሚያውንም ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ሁለት ረድፍ ነቅዬ ደግሜ ሠራሁ። ጀሶ የሚፈልግ ሰው ሲሚንቶ አይንካበት፤ ጉልላቱንም ከዝናብ ፈጽሞ ይጠብቅ።

ከ23ኛው ረድፍ ጀምሮ ግማሽ ጡብ ይግባ። የቀለበቱ ራዲየስ ከ75 ሳ.ሜ. ሲያንስ ሙሉ ጡብ ከክቡ 1 ሳ.ሜ. ያህል ይርቃል፣ ከዚያም እየባሰ ይሄዳል። ጫፉን አልደፈንኩትም፤ 40 ሳ.ሜ. የብርሃን ቀዳዳ ትቼ ዙሪያውን በ18 የቆሙ ጡቦች አሰርኩት። ቀዳዳውን የሚሸፍነው መስታወት ከእነዚህ ጡቦች 8 ሳ.ሜ. ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ሞቃቱ አየር በዚያ ይወጣል።

ልስኑ ኖራና አሸዋ ብቻ ነው፣ 1 ለ3፣ በሦስት እጅ። ሲሚንቶ ልስን ቀን በፀሐይ ሲለጠጥ፣ ሌሊት በብርድ ሲኮማተር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፤ በዚያ የገባ ውሃ መውጫ ያጣል። ኖራው በየዓመቱ ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ ይቀባል። ጉልላት እንደ ቆርቆሮ ቤት ክፈፍ ስለሌለው ውሃው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ከአርማታው ቀለበት 10 ሳ.ሜ. ከንፈር ወደ ውጭ ማስወጣት፣ ከሥሩም የጠብታ መቁረጫ ቦይ ማበጀት ያስፈልጋል። እኔ ያወጣሁት 5 ብቻ ነበር፣ የግድግዳው ታችኛው ክፍል አሁንም ይረጥባል።

ስለ ድምፅ አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው። ግማሽ ኳስ ድምፅን ሰብስቦ ወደ መሐሉ፣ ወደ እግሩ ከፍታ ይመልሳል። ያ ነጥብ የቆመ ሰው ጆሮ ላይ ከዋለ የገዛ ድምፁ ጆሮው ላይ ይጮኽበታል። ግድግዳው 2.10 ሜትር የሆነው ነጥቡ ከራስ በላይ እንዲሆን ነው፤ ለመኝታ ክፍል ከሆነ ግን 2.40 አደርገው ነበር።