«ይሄንንም አንሺው»

ላሊበላ የሄድኩት ለገና ነበር። ስልኬ ነጠላ በለበሰ ምእመን ፎቶ ሞልቷል። ቤተ አማኑኤል ጋ ስደርስ አንድ አባት በመቋሚያቸው ግድግዳውን አሳዩኝ። «ልጄ፣ ይሄንንም አንሺው» አሉኝ። ቀዩ ድንጋይ ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። ከለጠፍኳቸው ሁሉ ሰው የተቀባበለው ያንን ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ኒውዮርክ ሀድሰን ወንዝ ላይ ያረፈውን አውሮፕላንም ከጋዜጠኞች ቀድሞ ያሳየው አንድ የጀልባ ተሳፋሪ በስልኩ ያነሳው ፎቶ ነበር።

አሁን ስለጥፍ ቀኑንና ቦታውን እጽፋለሁ። ፊልተር አልነካም። ቀን የሌለው ፎቶ በዓመቱ የሌላ ቦታ ነው ተብሎ ሲዞር አይቻለሁ፤ በጣም ያናድዳል። የሚጸልይ ሰው ፊት ደግሞ ሳላስፈቅድ አላነሳም። የአባንም አስፈቅጄ፣ መቋሚያውን የያዘ እጃቸውን ብቻ ነው ያነሳሁት።