ደንገጎን ከመውጣት በፊት፦ የናፍጣ ፒክአፕ ቺንጋ አቀያየር

ድሬዳዋ ውስጥ ጠዋት ሞተር ሲነሳ «ጪጪጪ» የሚል ፒክአፕ ሞልቷል። የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ቺንጋው፣ ማለትም ከሞተሩ ፊት የሚዞረው የጎማ ቀበቶ ነው። ብዙ ሰው ሳሙና ያስነካውና ይረሳዋል፤ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ብሶበት ይመለሳል። ይልቅ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እያለ፣ እጅና ልብስ አርቃችሁ፣ ቺንጋው ላይ መስመር ባለው በኩል ጥቂት ውሃ ርጩበት። ድምፁ ጠፍቶ ወዲያው ከተመለሰ አንዱ ፑሌጃ (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ክብ) ከመስመር ወጥቷል። ከባሰበት ደግሞ ቺንጋው ላልቷል።

የማወራው ከፊት ስለሚታየው ረጅም ባለ መስመር ቺንጋ ነው፤ ዲናሞውን፣ ኢድሮጊዳውን (መሪ የሚያቀለውን ፓምፕ)፣ የኤሲውን ኮምፕሬሰር፣ በብዙዎቹም የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው። ታይሚንግ ቺንጋ ሌላ ነው፤ ባለ ጥርስና ሽፋን ውስጥ ያለ። የቶዮታ ሃይሉክስ ኬዲ ሞተሮች ይህ አላቸው፣ ተከታዮቹ ጂዲዎች ግን በሰንሰለት ነው የሚሠሩት። ሱቅ ሄዳችሁ «ቺንጋ» ብቻ ካላችሁ የቱን እንደሚሰጧችሁ አይታወቅም።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። ጭነት ይዞ፣ ኤሲ ከፍቶ በመሃል ያለውን የደንገጎ ዳገት ሲወጣ ቺንጋው የተበጠሰ መኪና መጀመሪያ የባትሪ መብራት ያሳያል፣ መሪው ይከብዳል፣ ከዚያ ሙቀቱ ይወጣል። ያኔ መቆም ነው፤ «እስከ ላይ ልድረስ» ማለት ቴስታታ (የሞተሩን የላይ ክዳን) ያስበላል። ቁልቁለቱ ይብሳል፦ በአሮጌ የናፍጣ ፒክአፖች የፍሬን ቫኪዩም ፓምፕ (ፔዳሉን የሚያቀለው) ዲናሞው ጀርባ ላይ ስለሆነ፣ ቺንጋው ሲበጠስ ፔዳሉ ሁለት ሦስቴ ከተረገጠ በኋላ ድንጋይ ይሆናል።

የዛሬ ቺንጋዎች ኢፒዲኤም ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ስለሚሠሩ እንደ ድሮዎቹ ቶሎ አይሰነጠቁም፤ እንደ መኪና ጎማ ያልቃሉ። ስንጥቅ የለም ብላችሁ አትለፉ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ መስመሮቹ ውስጥ ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጋቸዋል። ስትገዙ ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ተከተሉ፦ 7ፒኬ1500 ማለት 7 መስመር፣ 1,500 ሚሊ ሜትር ርዝመት ነው። ጽሑፉ ከጠፋ በሻሲ ቁጥር ጠይቁ።

ሥራው ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። አሮጌው ሳይወጣ የዞረበትን መንገድ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ይህን የዘለለ ሰው ግማሽ ቀን ይከፍላል። ረጅም እጀታ ያለው ቁልፍ ቴንሽነሩ (ቺንጋውን በስፕሪንግ የሚወጥረው ክንድ) ላይ አስገቡና ወደሚላላበት አዙሩት፣ ቺንጋውን ከአንድ ፑሌጃ አውጡ፣ ቴንሽነሩን ቀስ ብላችሁ መልሱት። በድንገት ከለቀቃችሁት ጣት ይበላል።

አሁን ዋናው ነገር። ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ በእጅ አዙሩ። አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለ ወይም ወዲህ ወዲያ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው (ውስጡ ያለው ማሽከርከሪያ) አልቋል። የውሃ ፓምፑን ሥር እዩ፤ የደረቀ የኩላንት ዱካ ካለ ፓምፑ እያፈሰሰ ነው። የኢድሮጊዳ ዘይት የነካውም ቺንጋ አዲስ ቢሆን እንኳ አብጦ ይበላሻል፤ የሚያፈስሰው ካልተዘጋ ገንዘባችሁን አታባክኑ። የፑሌጃዎቹን ጎድጓዳ መስመሮች በደረቅ ብሩሽ አጽዱ፤ ናፍጣ አታስነኩ።

አዲሱን ከክራንኩ (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) ፑሌጃ ጀምሩ፤ ለስላሳ ጀርባው የሚያርፍበትን ፑሌጃ ለመጨረሻ አስቀሩና ቴንሽነሩን እንደገና አላልታችሁ አስገቡት። ፋንና መከለያው መሃል ሲያልፍ በየምላጩ አሾልኩት። ከዚያ በእጅ ዳስሱ፦ አንድ መስመር ከፑሌጃው ጠርዝ ውጭ ከቀረ፣ ሐረር ሳትደርሱ ተልትሎ ይወጣል። በጣም የተለመደው ስህተት ይህ ነው፤ ከላይ ሲያዩት አይታይም፣ ጣት ግን ያገኘዋል።

ክራንኩን በቡሶላ (ቡሎን ላይ በሚገባ ቁልፍ) ሁለት ዙር በእጅ አዙሩ፤ ከዚያ ባትሪውን አገናኝታችሁ አስነሱ። ኤሲ ክፈቱ፣ መብራት አብሩ፣ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ፣ የቴንሽነሩን ክንድ ተመልከቱ። ትንሽ መንቀጥቀጡ ደህና ነው፤ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከዘለለ ስፕሪንጉ ደክሟል፣ አዲሱንም ቺንጋ ይበላዋል።