ኮሮላዬን በአነስተኛ ወጪ ባለ ቱርቦ ማድረግ

ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ አራት ሰው ጭኜ በወጣሁ ቁጥር አሮጌዋ ኮሮላዬ በሁለተኛ ማርሽ ታቃስት ነበር። ጥፋቱ የእርሷ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ ደግሞ በከንቱ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚያስገባ፣ ለከተማችን የተፈጠረ ይመስላል።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቱርቦ አላጣሁም። ገንዘቡን የሚበላው ግን ሌላው ነው፦ በአየሩ ልክ ቤንዚን የሚጨምሩት ፓምፕና ኢንጀክተሮች፣ የታመቀውን ትኩስ አየር የሚያበርደው ኢንተርኩለር፣ ቱርቦውን የሚያለሰልሰው የዘይት መስመር፣ ከሁሉም በላይ የሞተሩን ኮምፒውተር ማስተካከል። የእኔ ሞተር የመጭመቅ መጠኑ (ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን የሚያምቅበት ልክ) 9.5 ለ1 በመሆኑና ቤንዚኑ ያለጊዜው ከፈነዳ ፒስተን ስለሚበሳ፣ የቱርቦውን ግፊት ከ0.4 ባር ማሳለፍ አልደፈርኩም። «ወንድሜ፣ ምንም አይሆን፣ ልቀቀው!» ያለኝን መካኒክም አልሰማሁትም፤ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሲቃጠል ቀያሪው እርሱ፣ ከፋዩ እኔ ነኝ።

ዳገቱን አሁን በሦስተኛ ማርሽ እወጣዋለሁ፤ የሞተር ዘይቱን ግን በየ3,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ።