ሩብ ሰዓት በጨው ባሕር

ለሁለት ቀን ከሥራ ለመራቅ እስራኤል ውስጥ ከጨው ባሕር የሚሻል ቦታ አላውቅም። ኤላት ሩቅ ናት፤ ቴል አቪቭ ዳርቻ ከሄዱ ደግሞ የመሥሪያ ቤት ሰው ማግኘት አይቀርም። ቀኑን ግን መምረጥ ያስፈልጋል። ዓርብና ቅዳሜ ሁሉም ስለሚወርድ ሆቴሉ ይወደዳል፣ ሰንበት ሲገባም አውቶቡስ ይቆማል። ፈቃድ የሚወሰድ ከሆነ እሑድና ሰኞን መውሰድ ነው የሚያዋጣው።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። ኢየሩሳሌም 800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕሩ ከባሕር ጠለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል፤ ምራቅ መዋጥ ይከፍተዋል። ኢየሩሳሌም ላይ ተከድኖ የመጣ ባዶ ሃይላንድ ታች ሲደርስ ጎኑ ይጨማደዳል፣ የአየሩ ግፊት ስለሚጨምር። (ጀበና ይዞ ለሚወርድ፦ አዲስ አበባ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው ውሃ እዚህ ከ100 ያልፋል። ቡናው ቢዘገይ ከሰሉ ላይ ማማረር አያስፈልግም።)

የሆቴሎቹ ሰፈር ዔን ቦኬክ ላይ ነጻ ዳርቻ አለ፣ መታጠቢያም አለው። እዚያ የሚታየው ውሃ ግን የተፈጥሮው ባሕር አይደለም። ደቡቡ ክፍል ደርቋል፤ ከሰሜኑ በቦይ እየተሳበ የሚሞላ የማዕድን ፋብሪካ ኩሬ ነው። ጨው ወለሉ ላይ በየዓመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚረጋ ኩሬው ወደ ሆቴሎቹ ከፍ ሲል ኖሯል። ዋናው ባሕር ደግሞ በዓመት አንድ ሜትር ገደማ እየወረደ ነው። ባሕሩ የሸሸበት መሬት ሥር የተቀበረውን ጨው የከርሰ ምድር ውሃ ሲያሟሟው መሬቱ በድንገት ይደረመሳል፤ ዳዊት ከሳኦል በተሸሸገባት በዓይንጋዲ የነበረው የሕዝብ ዳርቻ የተዘጋው በዚህ ነው። አጥር ዘሎ ፎቶ ማንሳት እብደት ነው።

ፂምም ሆነ እግር ከመውረድ ሁለት ቀን በፊት መላጨት ይቁም። አዲስ የተላጨ ቆዳ በርበሬ እንደነካው ይንገበገባል፤ ትንሽ ቁስል ካለማ አይነሳ። የብር ቀለበት ይጠቁራል፣ ቤት ይቅር። የጨው ድንጋዩ ስለሚቆርጥ ጫማ ከእግር አይወልቅም።

አገባቡ ቀላል ነው፣ ከተቸኮለ ግን ይበላሻል። ውሃው እስከ ጉልበት ሲደርስ ቆም፣ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መንጋለል። እግር በራሱ ይነሣል። መዝለል የለም፣ ማንቦጫረቅ የለም፣ በሆድ መተኛት ከሁሉ የከፋው ነው፦ ውሃው እግርን ወደ ላይ ሲገፋ ፊት ወደ ታች ይደፋል፣ መገልበጥም ያቅታል። እዚህ ሰው የሚሰጥመው እንደዚህ ነው። ጥቂት ጉንጭ ቢዋጥ እንኳ ማግኒዚየሙና ካልሲየሙ የልብ ምት ስለሚያዛባ ሆስፒታል ያስኬዳል። ለመነሣት ጉልበትን ወደ ደረት ሰብስቦ፣ በእጅ ውሃውን ወደ ታች እየተጫኑ እግርን ማሳረፍ ነው።

ዓይን ከነካ ማሸት አይገባም፤ እጁም ጨው ነው። የቧንቧ ውሃ የያዘ ሃይላንድ ዳር ላይ ተከፍቶ ይቀመጥ፣ ወይም ሰው ይያዘው። ጥቁር ባንዲራ ከተሰቀለ መግባት ክልክል ነው።

10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ከ20 ካለፈ ሰውነት ይደርቃል፣ ራስ ይዞራል። ከዚያ መታጠብ፣ ብዙ ውሃ መጠጣት፣ ጥላ ሥር መጋደም። የቀረው ቀን ባዶ ነው፤ እኔ ይህን ቦታ የምወደው ለዚህ ነው። መዋኘት አይቻል፣ በጨዋማ እጅ ስልክ አይነካ። የመዋኛ ልብሱ ብቻ ያኔውኑ በቧንቧ ውሃ ይለቅለቅ፤ ካልሆነ በማግስቱ እንደ ሰሌን ደርቆ ይቆማል።